የሽንኩርት ወገኖች፦ የተገኘ ዝምድና፣ የተሰጠ ማዕረግ

ዕፅዋት በየወገናቸው የሚለያዩት በራሳቸው ባሕርይ ነው ወይስ ወገን የሚባለው ሰው ለአጠራር እንዲመቸው ያሰመረው ድንበር ነው? ጥያቄው ከአርስቶትል ዘመን ጀምሮ ፈላስፎችን ሲያከራክር ኖሯል። የሥነ መለኮት መምህራንም በራሳቸው በኩል ይደርሱበታል፤ ዘፍጥረት እያንዳንዱ ተክል እንደ ወገኑ መብቀሉን ስለሚናገር፣ ወገን ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ማለፍ አይቻልም። ክርክሩ በወርቅና በመዳብ፣ በሰውና በፈረስ ምሳሌ ሲቀርብ ቶሎ የሚያልቅ ይመስላል። የሽንኩርት ወገን ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። በሳይንስ አጠራር አሊየም የሚባለው ይህ ወገን ወደ 1,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፤ ከባለ አንድ ክክ ዕፅዋት መካከል በዝርያ ብዛት ከቀዳሚዎቹ ተርታ ይሰለፋል። አንዳንዶቹ በዘር ይራባሉ፤ አንዳንዶቹ አበባን ከነጭራሹ ትተው ከራሳቸው በሚገነጠል ክፍል ብቻ ይቀጥላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ እርስ በርስ ተዳቅለው የወላጆቻቸውን ድንበር አደብዝዘዋል።

በደቡብ ጎንደር ጉዳዩን በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ማየት ይቻላል። ከጣና በስተምሥራቅ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ክረምቱን ሩዝ፣ በጋውን በርብና በጉማራ ወንዞች መስኖ ቀይ ሽንኩርት ያበቅላል። ከወረታ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ደብረ ታቦር ሲደርስ ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ይሆናል። በፋርጣና በጋይንት ደጋ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚዘልቀው በጉና ተራራ ዙሪያ፣ ቀዩ ቦታውን ለነጭ ሽንኩርት ይለቃል፤ ነጩ ከገብስና ከድንች ማሳ አጠገብ፣ ብዙ ጊዜም በጓሮ ይተከላል። ገበያ ላይ ሦስተኛ አለ፤ ራሱ ትንሽ፣ ቅርፊቱ ጠቆር ያለ፣ ዓይን የሚያቃጥለው የሀበሻ ሽንኩርት። ከተማ ገባ ሲባል ደግሞ አራተኛው ባሮ ሽንኩርት ይታያል። ለገበያተኛ አራቱም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ዋጋቸውም የሚገቡበት ድስትም ለየቅል ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ግን ከአራቱ ሦስት ዝርያ ብቻ ይቆጥራሉ።

ቤተ ክርስቲያን በሥነ ፍጥረት ትምህርቷ የራሷ አከፋፈል አላት። በዕለተ ሠሉስ፣ ማለትም ማክሰኞ፣ ከምድር የበቀሉት በሦስት ይመደባሉ፦ በእጅ የሚለቀሙ፣ በማጭድ የሚታጨዱ፣ በምሳር የሚቆረጡ። ድጓ በሚመሰከርበት በጋይንት ቤተልሔምና ዝማሬ መዋሥዕት በሚመሰከርበት በዙር አምባ አገር ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። አከፋፈሉ የተክሉን የዘር ሐረግ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሰው ተክሉን በምን መሣሪያ እንደሚቀበለው ነው። በዚህ መሠረት ሽንኩርትና ጎመን በአንድ ወገን፣ ስንዴና ባቄላ በሌላ ወገን ይወድቃሉ። የዛሬ ተማሪ ይህን ገና ያልበሰለ ሳይንስ አድርጎ ቢያየው ፍርዱ ትክክል አይሆንም። ሦስቱ ምድቦች የዕፅዋትን ትውልድ ለመናገር አልተነሡም፤ ፍጥረት ለሰው በምን መልክ እንደተሰጠ ለመናገር ተነሡ፤ ያንንም በሚገባ ይናገራሉ። የቤት ውስጡ ሕክምናም እንዲሁ ሌላ ምድብ አለው፤ ነጭ ሽንኩርትን ከቀዩ ለይቶ ከጤና አዳምና ከፌጦ ጋር ያስቀምጠዋል። ሦስቱ ተክሎች በትውልድ የማይገናኙ መሆናቸው ለዚህ ምድብ ጉዳዩ አይደለም።

የወጥ ቤቱ ምድብ ከሁሉም ጥብቅ ነው። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፍና ዘይት ሳይነካው ድስት ላይ ይቁላላል፤ የራሱ ውሃ እስኪመጥ ድረስ ይማሰላል። የሀበሻው ሽንኩርት ውሃው ጥቂት ስለሆነ ቁሌቱ ይወፍራል፣ ጣዕሙም ይጠነክራል። ትልቁ ቀይ ሽንኩርት ብዙ ውሃ ስለሚያወጣ ለዚያው መጠን ቁሌት ብዙ መክተፍ ይጠይቃል። አዘራራቸውም ይለያል። የሀበሻው ራሱ መሬት ውስጥ ይተከላል፤ አንዱ አፈር ውስጥ ተከፋፍሎ በርካታ ይሆናል። ቀዩ ግን ጥቁር ዘሩ በመደብ ላይ ተዘርቶ ችግኙ ወደ ማሳ ይዛወራል፤ ፎገራ ላይ በስፋት የሚታየው ቦምቤይ ሬድም ሆነ አዳማ ሬድ የሚመረተው በዚህ መንገድ ነው። ሁለቱን አግድም ለሁለት ቆርጦ ላየ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የፎገራው ቀለበቶች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማዕከል ይዞራሉ፣ የሀበሻው ግን በአንድ ቅርፊት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ማዕከል ይዞ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ሁለቱም አሊየም ሴፓ ናቸው። አበባቸው ቢገናኝ ይዳቀላሉ፤ የሚወለደውም መካን አይሆንም። ዘር አምራች ገበሬ የተለያዩ የሽንኩርት ዓይነቶችን አራርቆ የሚተክለው ለዚሁ ነው፤ ንብ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ስትሻገር የገበያውን ስም አትጠይቅም። የሁለቱ ልዩነት በአብዛኛው ሰው ለብዙ ትውልድ ለመከፋፈል ወይም ለመወፈር የመረጠው የአንድ ተክል ጠባይ ነው። ምግብ አብሳይዋ ሁለት ነገር አለች፣ ሊቁ አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱም የሚያዩት እውነተኛ ነገር ነው።

የሀበሻ ሽንኩርት መሰሎች በሳይንስ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ አሊየም አስካሎኒኩም በሚል ስም እንደ ራሱን የቻለ ዝርያ ተቆጥረዋል። ስሙ የወጣው ከአስቀሎና፣ መጽሐፍ ቅዱስ ከፍልስጥኤማውያን ከተሞች አንዷ ከሚላት ከተማ ነው። የስሙ አወጣጥ የሊቃውንትን አሠራር ድክመት ያሳያል። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ የዕፅዋትን ባለ ሁለት ቃል አሰያየም አጽንቶ ነበር። ተማሪው ፍሬድሪክ ሃሰልክቪስት በቅድስት ሀገር ሲዞር ዕፅዋት ሰብስቦ፣ አገሩ ሳይመለስ እ.ኤ.አ. በ1752 በሰምርኔስ ሞተ፤ ስብስቡ ግን ለመምህሩ ደረሰ። ሊኒየስ አሊየም አስካሎኒኩም የሚለውን ስም የሰጠው ከዚያ ስብስብ ለተገኘ ተክል ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ዊሊያም ስተርን ዋናውን የደረቀ ናሙና መርምሮ ናሙናው ወጥ ቤት ከሚገባው ሽንኩርት ጋር እንደማይገናኝ፣ የቅርብ ምሥራቅ የዱር ተክል መሆኑን አሳየ። ስሙ ለአንድ ነገር ተሰጥቶ ሌላ ነገር ሲጠራበት ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። የዝርያን እውነትነት ከስሙ የሚነሣ ክርክር እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ በመጽሐፍ የሰፈረው ዝርያ ሲፈርስ በማሳው ላይ ያለው ሽንኩርት ምንም አልሆነም።

ደብረ ታቦር ራሷ በዚህ የናሙና ታሪክ ውስጥ ቦታ አላት። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ኢትዮጵያ ገብቶ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1878፣ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1863 በበጌምድር ሲሰበስብ ከናሙናዎቹ ጋር ያያዛቸው ወረቀቶች ደብረ ታቦርን፣ ጋፋትንና ጉናን ይጠቅሳሉ፤ ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት መንደር ነው። ናሙናዎቹ በአውሮፓ ቤተ ዕፅዋት ተበተኑ፤ የበርሊኑ ክምችት አብዛኛው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1943 በቦምብ ጋይቷል። ከዚህ ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር እ.ኤ.አ. ከ1847 እስከ 1851 ባሳተመው የሐበሻ ዕፅዋት መጽሐፍ የሀገሩን የዱር ሽንኩርቶች በስም አስፍሯል። ከእነርሱ አንዱ ነጭ አበባ ያለው አሊየም ስፓታሲየም ነው። ይህን ተክል አንዳንድ ሊቃውንት ራሱን የቻለ ዝርያ ይሉታል፤ ሌሎች በሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚበቅለው ባለ ጠጉር ቅጠል የዱር ሽንኩርት ንዑስ ዝርያ ያደርጉታል። ልብ መባል ያለበት በምን እንደማይለያዩ ነው። ሁለቱ ወገኖች ተክሉ ከሜዲትራኒያኑ ጋር የቅርብ ዘመድ በመሆኑ ይስማማሉ፤ የማይስማሙት ለዚያ ቅርበት በሚሰጠው ማዕረግ ነው።

ፈላስፎች ሽንኩርትን በቀጥታ ወደ ክርክሩ ያስገቡት እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። እንግሊዛዊው ጆን ዱፕሬ በዚያ ዓመት ባወጣው ጽሑፍ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በጊዜው የሊቃውንት አመዳደብ ከሊሊና ከቱሊፕ አበቦች ጋር በአንድ ቤተሰብ መጠቃለላቸውን አንሥቶ፣ ለምግብ አብሳይ ይህ ቤተሰብ ምንም እንደማይፈይድላት አሳሰበ። ከዚህ የደረሰበት ድምዳሜ ዓለም ብዙ እውነተኛ መስመሮች አሏት፣ የሊቁ መስመር ከአብሳይዋ የበለጠ እውነተኛ የሚሆንበት ምክንያት የለም የሚል ነው። ክርክሩ ግማሽ መንገድ ይሄዳል። ብዙ አከፋፈል በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል፤ የሥነ ፍጥረቱን ሦስት ምድብና የቁሌቱን ምድብ ለማክበርም ይረዳል። ነገር ግን ዱፕሬ የጠቀሰው የሊሊ ቤተሰብ ራሱ አልቆየም። የዘር ቅንጣት ምርመራ ሲስፋፋ ያ ሰፊ ቤተሰብ ልዩ ልዩ ሐረግ ያላቸው ተክሎች ተከማችተው የተሠራ መሆኑ ታወቀና ተበተነ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የአበባ ዕፅዋት አመዳደብ ሽንኩርትን ከሊሊ አርቆ በአማሪሊስ ቤተሰብ ውስጥ አስገባው። አብሳይዋ ምድቧን እንዲህ የምትለውጥበት ምክንያት ሊገጥማት አይችልም፤ ምድቧን የሚያጸናላት ድስቱ ብቻ ነው። የሊቁ ምድብ ግን ከእርሱ ፈቃድ ውጭ ባለ ነገር ይፈተናል፣ ሊወድቅም ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ ዱፕሬ በቂ ክብደት አልሰጠውም።

በዚሁ ለውጥ ውስጥ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚጥም ነገር አለ። በአማርኛ ተናጋሪ አካባቢዎች የጅብ ሽንኩርት የሚባሉ ልዩ ልዩ የዱር ተክሎች አሉ። ከመሬት በታች ያለው ራሳቸው ሽንኩርት ይመስላል፣ ለምግብ ግን አይሆንም፤ በጅብ ስም መጠራታቸውም ለሰው እንደማይሆኑ ለመናገር ነው። ስሙ ከሚሰጣቸው አንዱ ክሪነም የተባለው፣ ረግረግ ሜዳ የሚወድና ትልልቅ ነጭ አበባ የሚያወጣ ተክል ነው። ክሪነም የአማሪሊስ ቤተሰብ አባል ነው። የሊቃውንት መጻሕፍት ሽንኩርትን ከሊሊ ጋር አዛምደው በኖሩበት ዘመን ገበሬው የጅብ ሽንኩርትን ከሽንኩርት ጎን አስቀምጦት ነበር፤ አዲሱ አመዳደብ የመጣው ወደ እርሱ ነው። ይህ ግን የገበሬው ዓይን ሁልጊዜ ትውልድን ያያል ማለት አይደለም። በሌላ ቦታ ያው ስም ድሪሚያ ለተባለ ተክል ይሰጣል፤ ድሪሚያ በትውልድ ወደ ሰሪቲ ቤተሰብ ይጠጋል፣ ከሽንኩርት ጋር ያለው ዝምድናም የራቀ ነው። መልክን ተከትሎ የወጣ ስም አንዱን ዘመድ አገኘ፣ ሌላውን ሳተ።

ከአሊየም ውስጥ ስንገባም መልክ አንዳንዴ ይመራል፣ አንዳንዴ ያታልላል። በገበያ ቀይና ነጭ ሽንኩርት ጥንድ ናቸው፤ ስማቸውም በቀለም ብቻ የሚለዩ ወንድማማቾች ያስመስላቸዋል። ቅጠላቸውን የቆረጠ ሌላ ነገር ያያል። የቀዩ ቅጠል ውስጡ ክፍት ቱቦ ነው፤ የነጩ ጠፍጣፋ ሆኖ መሐሉ ላይ ይታጠፋል፤ የባሮውም እንደ ነጩ ጠፍጣፋ ነው። እዚህ ላይ ቅጠሉ እውነቱን ተናግሯል። ኒኮላይ ፍሪሰን፣ ራይንሃርት ፍሪችና ፍራንክ ብላትነር እ.ኤ.አ. በ2006 በዘር ቅንጣት ላይ ተመሥርተው ወገኑን በ15 ንዑስ ወገኖች ሲከፍሉት ቀይ ሽንኩርት በአንዱ፣ ነጭ ሽንኩርትና ባሮ ደግሞ አብረው በሌላው ወደቁ። ነጭ ሽንኩርት ከቀዩ ይልቅ ለባሮ ይቀርባል። የቀዩ የቅርብ የዱር ዘመድ በቱርክመኒስታንና በኢራን ተራሮች የሚገኘው አሊየም ቫቪሎቪ ነው፤ የተሰየመበት ሩሲያዊ ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 የኢትዮጵያን ሰብሎች ለመሰብሰብ በዚህ ደጋ ተጉዟል።

ነጭ ሽንኩርት በፋርጣ የሚተከለው ራሱ ተፈልፍሎ፣ እያንዳንዱ ፍሬ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ መሬት ውስጥ በመቀበር ነው። ዘር የሚባል ነገር የለውም። ከአንድ ፍሬ የሚወጣው ተክል ልጅ ከመባል ይልቅ ያው ተክል ቢባል ይቀላል፤ አባት የለውም፣ የእናቱን የዘር ቅንጣት ሙሉ በሙሉ ይዟል፣ የእናቱንም የቫይረስ በሽታ ጭምር ይወርሳል። ይህን ችግር ከሁሉ ቀድመው ካዩት አንዱ የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ናቸው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በስድስቱ የፍጥረት ቀናት ላይ ባደረጓቸው ስብከቶች፣ ዘፍጥረት ተክል ሁሉ ዘር እንዳለው ሲናገር ዘር የሌላቸው የሚመስሉት እንዴት ይሆናሉ የሚለውን ተቃውሞ ራሳቸው አንሥተው፣ ከምሳሌዎቹ መካከል ሸምበቆንና ነጭ ሽንኩርትን ጠቅሰዋል። መልሳቸው የዘር ኃይል በአንዳንዶቹ በሥራቸው ውስጥ ይኖራል የሚል ነው። ለባስልዮስ ወገንን ወገን የሚያደርገው ራሱን መሰል ማስቀጠሉ ነው፤ በአበባ ይሁን በሥር ሁለተኛ ነገር ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ከዚህ የጠበበ መስፈርት መረጡ። ኤርንስት ማየር እ.ኤ.አ. በ1942 ዝርያን እርስ በርስ የሚራቡ፣ ከሌሎች ጋር ግን የማይራቡ ፍጥረታት ስብስብ አድርጎ ተረጎመው። መስፈርቱ ለወፍና ለእንስሳ ይመቻል፣ ለቀይና ለሀበሻ ሽንኩርትም መልስ ይሰጣል። ነጭ ሽንኩርት ፊት ግን ዝም ይላል፤ ከማንም ጋር የማይራባ ተክል በዚህ ሚዛን ወይ ዝርያ የለውም ወይ እያንዳንዱ የተለየ ሐረግ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው። ሁለቱንም በቁም ነገር የሚል ሰው የለም። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በመካከለኛው እስያ ዘር የሚያፈሩ የነጭ ሽንኩርት ዓይነቶች ማግኘታቸው የተክሉን መነሻ አስረዳ፤ ለማየር መስፈርት ግን ብዙ አልረዳም። የጋይንት ነጭ ሽንኩርት ከእስያ ዘመዱ ጋር አይራባም፤ አንድ የሚያደርጋቸው ያለፈው ትውልዳቸው ነው። የባስልዮስ ሰፊ መልስ ለዚህ ተክል ከማየር ይልቅ መቅረቡ ሊያስገርም ይችላል፤ ባስልዮስ ግን ምሳሌያቸውን የወሰዱት ከአትክልት ቦታ ነበር።

የትውልድ መስፈርትም ቢሆን ቀጥ ያለ ዛፍ ብቻ አይሰጥም። በሂማላያ አካባቢ የሚገኘው አሊየም ሮይሊ በኒውክለሱ የዘር ቅንጣት ሲመረመር ከቀይ ሽንኩርት ዘመዶች ጋር ይቆማል፤ በአረንጓዴ ቅንጣቱ፣ ማለትም በክሎሮፕላስቱ፣ ሲመረመር ግን ወደ ሌላ ቡድን ይጠጋል። የተለመደው ማብራሪያ ተክሉ ከሁለት ሐረግ ተዳቅሎ መውጣቱ ነው። የሽንኩርት ቅጠልን የሚያጠቃ ሻጋታን የሚቋቋም ጠባዩ በማዳቀል ወደ ቀይ ሽንኩርት ተሸጋግሯል። ሦስት ወላጅ ዝርያ ያላቸው፣ በአበባቸው ምትክ ትንንሽ ሽንኩርት የሚያበቅሉ ዓይነቶችም ይታወቃሉ። ዝምድናው እዚህ መረብ ይመስላል። መረብ መሆኑ ግን የፈጠራ ነገር አያደርገውም፤ ማን ከማን እንደተወለደ አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ነው፣ ሊቁ ቢያውቀውም ባያውቀውም።

ከዚህ በመነሣት በመክፈቻው ለተነሣው ጥያቄ የተከፈለ መልስ መስጠት ይቻላል። ዝምድና ይገኛል፤ ማዕረግ ይሰጣል። ነጭ ሽንኩርት ለባሮ መቅረቡ በጉባኤ የሚወሰን አይደለም። የሽንኩርት ዘመዶች ቤተሰብ ይባሉ ወይስ ንዑስ ቤተሰብ፣ ስፓታሲየም ዝርያ ይሁን ወይስ ንዑስ ዝርያ ግን ይወሰናል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የሆነውም በከፊል እንዲህ ያለ ውሳኔ ነበር። ቀደም ሲል ሊቃውንቱ ሽንኩርትን የራሱ ቤተሰብ አድርገውት ነበር፤ ከአማሪሊስ ጋር ያለው ቅርበት ሳይካድ ያንኑ ማቆየት ይቻል ነበር፣ ለአጠራር ምቾት ግን ተጠቃለለ። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ዝርያ የሚለውን ስያሜ በዘፈቀደ ለምቾት የሚሰጥ ነው ያለው ማዕረጉን በሚመለከት ትክክል ነው። ትውልድን በሚመለከት ግን እርሱ ራሱ የዘፈቀደ አላደረገውም፤ መጽሐፉ በሙሉ የቆመው ትውልድ እውነት በመሆኑ ላይ ነው።

ሃይማኖታዊው ጥያቄ በዚህ መለያየት ይቀላል እንጂ አይጠፋም። ሊኒየስ በመጀመሪያ ላይ በፍጥረት ቀን የተፈጠሩትን ያህል ዝርያ ብቻ አለ ብሎ ያስተምር ነበር፤ ኋላ በድቅል የሚወጡ አዳዲስ ዝርያዎችን ሲያይ ሐሳቡን አላላ። ችግሩ የመጣው የዘፍጥረትን ወገን ከራሱ መጽሐፍ ዝርያ ጋር አንድ በማድረጉ ነው። የቅዱስ መጽሐፉ ቃል የየትኛውን ማዕረግ ወገን እንደሚናገር አይወስንም። ኦሪት ዘኁልቍ እስራኤላውያን በምድረ በዳ የግብፅን ምግብ ሲመኙ ከዓሣው ቀጥሎ የዘረዘራቸው አትክልቶች የሽንኩርት ወገን የሆኑ ሦስት ተክሎችን ይይዛሉ፤ እዚያ የተለዩት እንደ በላተኛ አፍ እንጂ እንደ ትውልዳቸው አይደለም፣ ጸሐፊውም ሌላ ሊል አልፈለገም። የደብረ ታቦርና የጎንደር የአንድምታ መምህራን አንድን ቃል አንድም እያሉ በተለያየ ስልት ሲተረጉሙ አንዱ ትርጓሜ ሌላውን እንዲሽር አያስገድዱም፤ እያንዳንዱ ግን ምሥጢሩን የሚያስረዳበት ምክንያት ሊኖረው ይገባል። በእጅ የሚለቀመው፣ ለቁሌት የሚሆነውና ከአንድ ሐረግ የወጣው በዚህ ዓይነት ጎን ለጎን መቆም ይችላሉ። ከሦስቱ ሰው ሳይኖርም ጸንቶ የሚኖረው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ለዚህ የመጨረሻው ማስረጃ ከሰው ውጭ ያለ ፍጥረት ይሰጣል። በኢትዮጵያ ደጋ ነጭ ሽንኩርት አብቃይ ቦታዎች ነጭ አበስብስ የሚባለው በሽታ ይገኛል። የሚያመጣው ፈንገስ ከሰናፍጭ ፍሬ እንኳ የሚያንሱ ጥቋቁር ቅንጣቶች አፈር ውስጥ ትቶ ይሄዳል፤ ቅንጣቶቹ ሳይነቁ እስከ 20 ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። የሚያነቃቸው ከሥር የሚወጣው ድኝ ያለበት ውሁድ ነው፤ ተክሉ ሲቆረጥ ዓይንን የሚያስለቅሰውና አፍንጫን የሚመታው ሽታም ከዚሁ የድኝ ባሕርዩ የሚመጣ ነው። ስንዴ ቢዘራ፣ ድንች ቢተከል፣ ገብስ ቢበቅል ፈንገሱ አይንቀሳቀስም። ነጭ ሽንኩርት ሲተከል ይነቃል፤ ቀይ ሽንኩርትም፣ የሀበሻውም፣ ባሮውም ያነቁታል። ፈንገሱ በገበያ የተለዩትን አራቱን እንደ አንድ ይቆጥራል፤ ድንበሩም ሊቃውንቱ አሊየም ካሉት ወገን ጋር ይገጥማል። ስለዚህ በሽታው የገባበት የፋርጣ ማሳ ነጩን ትቶ ወደ ቀዩ ቢዞር ሰብል እንዳላፈራረቀ ይቆጠራል፤ በማሳው ላይ ገብስ፣ ስንዴ ወይም ድንች ለብዙ ዓመታት መቆየት ይኖርበታል፤ ከሌላ ማሳ የሚመጣ የነጭ ሽንኩርት ተከላም ከመቀበሩ በፊት ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታ አለመኖሩ መታየት አለበት።